ደላላው ሲወጣ ሥራው የት ሄደ?

«ልብስ ማጠቢያ ማሽን። በጣም አሪፍ ይዞታ ላይ ያለ። ብዙም ያላገለገለ። በአስቸኳይ የሚሸጥ። ዋጋ በኢንቦክስ።»

ይህን የመሰለ ማስታወቂያ ያላጋጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሲያነቡት ብዙ የተባለ ይመስላል። ግን ገዢው ማወቅ ከሚፈልገው ውስጥ አንዱም የለም። ማሽኑ ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ኪሎ ያጥባል? ውሃ ያፈሳል? ሲጨምቅ ይንቀጠቀጣል? ለምን ይሸጣል? ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ገዢው መጻፍ፣ መልስ መጠበቅ፣ መደወል፣ በመጨረሻም ሄዶ ማየት አለበት። ሻጩ በበኩሉ ያንኑ ጥያቄ ለሃያ ሰው ሲመልስ ይውላል። ከሃያው አንዱ «እየመጣሁ ነው» ይላል። ይቀራል። ስልኩም አይነሳም።

ሰው ለሰው በቀጥታ የሚሸጠው ዩዝድ ዕቃ ርካሽ የሚሆነው መሃል ላይ የሚከፈለው ሰው ስለሌለ ነው። እውነት ነው፣ ኮሚሽን የለም፣ የሱቅ ኪራይ የለም። ግን ያ መሃል ላይ የነበረው ሰው ዝም ብሎ ገንዘብ የሚበላ አልነበረም። ዕቃውን አገላብጦ ያያል። ዋጋውን ይገምታል። ሻጩ ማን እንደሆነ ያውቃል። ክፍያው ላይ ቆሞ ያስማማል። ችግር ቢመጣ የት እንደሚገኝ ይታወቃል። አሁን ደላላው ወጥቷል። ሥራው ግን አብሮት አልወጣም። ገዢና ሻጭ መካፈል ነበረባቸው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም «የእኔ አይደለም» ብለው ይተዉታል። ስለ ዩዝድ ዕቃ የምንሰማው ብሶት አብዛኛው፣ በእኔ እይታ፣ ከዚህ ከተተወ ሥራ የሚመጣ ነው።

ማስታወቂያ ነጻ ሲሆን

ነገሩ ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ እንዳይመስላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1630ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ቴዎፍራስት ረኖዶ የሚባል ሐኪም አንድ ቢሮ ከፍቶ ነበር። የሚሸጥ ነገር ያለውም፣ የሚገዛ የሚፈልግም፣ ሥራ ፈላጊም እዚያ ሄዶ ያስመዘግባል። ቢሮው ዝርዝሩን አትሞ ያወጣ ነበር። ሐሳቡ ዛሬ ስልካችን ላይ ካለው ብዙም አይለይም።

ከዚያ ለረጅም ዘመን ሥራውን ጋዜጣ ያዘው። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ በቃል ወይም በመስመር ይከፈልበት ነበር። ይህ ክፍያ ሰውን ሲያማርር ኖሯል። ግን ሳይታሰብ አንድ ጥቅም ነበረው። ለመሸጥ ያልቆረጠ ሰው ገንዘብ ከፍሎ አያወጣም። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና መክፈል ስላለበት ደግሞ ዋጋውን የማይሆን ቦታ ላይ አይሰቅልም። እያንዳንዱ ቃል ስለሚያስከፍል «በጣም በጣም አሪፍ» ብሎ አያባክንም። ዓመተ ምርቱንና ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ያበቃል።

በ1995 ክሬግ ኒውማርክ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለወዳጆቹ በኢሜይል የሚልከው ዝርዝር ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ድረ ገጽ ሆነ፤ ክሬግስሊስት። አብዛኛው ማስታወቂያ ነጻ ነበር። ሮበርት ሲመንስ እና ፌንግ ዡ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኋላ ሒሳቡን ሠርተውታል። ከ2000 እስከ 2007 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ የሚያወጡ ሰዎች በክሬግስሊስት ምክንያት 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሳይከፍሉ እንደቀሩ ገምተዋል። ይህ ገንዘብ የጋዜጦች ገቢ ነበር። ብዙ የአካባቢ ጋዜጣ የተንኮታኮተበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ2016 ፌስቡክ ማርኬትፕሌስን ሲከፍት ደግሞ ጉዳዩ ጨርሶ እጃችን ላይ መጣ። ፎቶ ማንሳት፣ ሁለት መስመር መጻፍ፣ መልቀቅ፤ በቃ።

ነጻ መሆኑ ጥሩ ነው፤ አልከራከርም። ግን ክፍያው ሲነሳ ማጣሪያውም አብሮ ተነሳ። ዛሬ ማስታወቂያ ማውጣት ምንም ስለማያስከፍል፣ ማስታወቂያ መውጣቱ ብቻውን ስለ ሻጩ ምንም አይናገርም። ዋጋ ለመሞከር ብቻ የሚለቅ አለ። የሌለውን ዕቃ የሚለቅ አለ። ከወር በፊት የሸጠውን ሳያነሳ የተወ አለ። ማጣራቱ ወደ ገዢው ዞረ።

የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው

በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ያደረገው በዋናነት ይህ ሥራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ መኪናውን ያውቀዋል፤ ገዢው አያውቀውም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ፣ እንዳይሸወድ ብሎ መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ደግሞ የጥሩው መኪና ባለቤት አይሸጥም። «ከዚህስ እኔው ብነዳው ይሻለኛል» ብሎ ይወጣል። ጥሩዎቹ ሲወጡ የቀሩት አማካይ ጥራት ይወርዳል። ገዢው ይህን ሲያይ ዋጋውን ደግሞ ይቀንሳል። እንደገና የተሻሉት ይወጣሉ። እንዲህ እያለ ገበያው የብልሽት ማራገፊያ ይሆናል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የግድ አያስፈልግም። ሻጩ ታማኝ ቢሆንም ታማኝነቱ አይታይም። ሐቀኛው በአጭበርባሪው ምክንያት ይከስራል።

ታዲያ ሐቀኛው ራሱን እንዴት ያሳይ? «ብዙም ያላገለገለ» ማለት አይጠቅመውም። ዕቃው ብዙ ያገለገለበትም ሰው ያንኑ ይላል። ለማለት ምንም የማያስከፍል ቃል ምንም አያረጋግጥም። የሚያሳምነው አጭበርባሪው ሊለው የማይፈልገው ነገር ነው። ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ጉድለት ነው።

ያንኑ ማጠቢያ ማሽን እንዲህ ብትጽፉትስ? «7 ኪሎ የሚያጥብ፣ ከአራት ዓመት በፊት አዲስ የተገዛ፣ ደረሰኙ አለ። በስተግራ ጎኑ ላይ ከዕቃ ማጓጓዝ የመጣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጭረት አለው። የሳሙና መክተቻው መሳቢያ ሲወጣ ይይዛል፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ መሳብ ይፈልጋል። ሲመጡ ሞልቼ አስነስቼ አሳያለሁ። የምሸጠው ቤት ስለምቀይርና አዲሱ ቤት ማሽን ስላለው ነው። ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ካዩት በኋላ ትንሽ እንነጋገራለን።»

መሳቢያው እንደሚይዝ ራሱ የነገረ ሰው፣ ሞተሩ ደህና ነው ሲል ይታመናል። ጭረቱ በፎቶ ከታየ ገዢው በር ላይ ቆሞ «ይሄማ አልተባለም» ብሎ ዋጋ አያስጥልም። ሰው ጉድለት ከጻፍኩ አይሸጥልኝም ብሎ ይፈራል። ግን ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት መሸጫ ገና በ1995 ሲጀመር መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ለሙከራ ያወጣው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። መበላሸቱ ተጽፎ ነበር። በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። ገዢው የተበላሹ ሌዘሮችን የሚሰበስብ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለማንኛውም ነገር ገዢ አለ፤ ምን እንደሚገዛ ከተነገረው።

ፎቶም እንደዚሁ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የፋብሪካ ፎቶ ምንም አይነግረንም። መብራት ባለበት ቦታ ከፊት፣ ከኋላ፣ የሞዴል ቁጥሩ ከተጻፈበት ላይ፣ ከተጎዳበት ቦታ ቀረብ ተብሎ የተነሳ አራት አምስት ፎቶ ሃያ ጥያቄ ያስቀራል። ለሶፋና ለቁም ሣጥን ደግሞ ስፋቱንና ቁመቱን መጻፍ ነው። ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ተከፍሎበት መጥቶ በበሩ አልገባም ያለ ሶፋ ታሪክ የሌለበት ሰፈር የለም። የራሳችሁን በርም ለኩ።

ዋጋው ለምን አይገናኝም

በ1990 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽ እና ሪቻርድ ቴለር ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ለግማሾቹ ተማሪዎች የሻይ ኩባያ በነጻ ሰጧቸው። ከዚያ ባለ ኩባያዎቹን «በስንት ትሸጣላችሁ?»፣ የሌላቸውን «በስንት ትገዛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ደቂቃዎች ቢሆኑም ሻጮቹ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ከሚሰጡት ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። ደቂቃ የያዙት ኩባያ እንዲህ ካደረገ፣ አራት ዓመት የተቀመጡበት ሶፋ ምን ያደርጋል?

ሻጩ የሚያስበው የገዛበትን ነው፤ «በዚህን ያህል ነው የገዛሁት» ይላል። ገዢው ያ ዋጋ አይመለከተውም። እሱ የሚያወዳድረው ከአዲሱ ዋጋ፣ ከሌላው ማስታወቂያና ከስጋቱ ጋር ነው። አዲሱ ዋስትና አለው፤ ይሄ የለውም። አዲሱን ቤት ድረስ ያመጡለታል፤ ይሄንን ራሱ ይጭናል። ስለዚህ ከአዲሱ ትንሽ ብቻ የቀነሰ ዩዝድ ዕቃ ውድ ነው። ሻጩ ግን እንደ ስድብ ይሰማዋል።

ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ሻጩ ዋጋ ለመተመን ምን ያደርጋል? ሌሎች ማስታወቂያዎችን ያያል። ግን በተመጣጣኝ ዋጋ የወጣው ዕቃ በዚያው ቀን ተሽጦ ተነስቷል። ገጹ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው በአብዛኛው ያልተሸጠው ነው፤ ማለትም ዋጋው የተወደደው። ሻጩ ያልተሸጠውን አይቶ ይተምናል፤ የእሱም ሳይሸጥ ይከርማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሻጭ ደግሞ የእሱን አይቶ ይተምናል። ትክክለኛውን ዋጋ የሚነግራችሁ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ማስታወቂያው ስንት ቀን እንደቆየ ነው። ወር የሞላውን አትመኑ።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ነገር እኔ አልወደውም። ሻጩ የገዢውን ፕሮፋይል አይቶ ዋጋ ሊጠራ ይፈልጋል፣ ወይም ደግሞ የራሱን ዋጋ ገና አልወሰነም። በሁለቱም መንገድ የሚሸሸው ቁምነገረኛው ገዢ ነው። ጊዜ የሌለው፣ ገንዘቡን ይዞ የሚፈልግ ሰው ዋጋ የተጻፈበትን መርጦ ያልፋል። ኢንቦክስ የሚገባው ለመከራከር ጊዜ ያለው ነው።

ገዢውም የራሱ አመል አለው። ዕቃውን ሳያይ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «የመጨረሻ ስንት?» ብሎ ይጽፋል። ምን እንደሚገዛ የማያውቅ ሰው በምን ላይ ቆሞ ይከራከራል? ሻጩ ቢመልስለት ያ ዋጋ መነሻ ይሆናል፤ ሲመጣ እንደገና ይቀንሳል። ልምድ ያላቸው ሻጮች መልሳቸው አንድ ነው፤ «መጥተው ይዩት፤ እዚሁ እንነጋገራለን።» ክርክር ቦታው ዕቃው አጠገብ ነው። እዚያ ላይ ገዢው ጭረት ያሳያል፣ ሻጩ ደረሰኝ ያሳያል፤ ወሬው ስለ አንድ የሚታይ ነገር ይሆናል።

አጭበርባሪው የሚቆመው ባዶው ቦታ ላይ ነው

የማጭበርበሪያው ዓይነት ብዙ ነው። ዝርዝሩን ለመሸምደድ የሚሞክር ሰው ይደክመዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ይመጣል። ይልቅ ሁሉንም የሚያመሳስላቸውን ማየት ይሻላል።

ሰው ለሰው በሚደረግ ሽያጭ ዋስትናው አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች፣ ዕቃውና ገንዘቡ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ሌላ ዋስትና የለም። የአጭበርባሪ የመጀመሪያ ሥራ ይህችን መገናኘት ማፍረስ ነው።

«ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፤ ቀብድ ላክና ላስቀምጥልህ» ሲል ገንዘቡን ከዕቃው ለየ። «እኔ ሌላ ከተማ ነኝ፣ ወንድሜ መጥቶ ይወስዳል፣ ገንዘቡን አስገብቻለሁ» ሲልና የባንክ ስክሪንሾት ሲልክ ዕቃውን ከገንዘቡ ለየ። «አድራሽ ድርጅት ይመጣል፤ እዚህ ሊንክ ላይ ገብተሽ የካርድሽን ቁጥር ሙይ» ሲል ሁለቱንም ለየ። ይህ የመጨረሻው ሻጮችን የሚያታልል መሆኑን አስተውሉ። ሰው ገንዘብ ሊቀበል ሲል አይጠነቀቅም። ገንዘብ ለመቀበል ደግሞ የካርድ የሚስጥር ቁጥር ወይም ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድ በጭራሽ አያስፈልግም። ኮድ የጠየቀ ሰው መግባት የፈለገው አካውንታችሁ ውስጥ ነው።

ሌላው ደግሞ አስበልጦ የመክፈል ዘዴ ነው። «ተሳስቼ ጨምሬ ላክሁ፣ ትርፉን መልስልኝ» ይላል። የላከው የሐሰት ደረሰኝ ወይም በኋላ ውድቅ የሚሆን ቼክ ነው፤ ሻጩ የሚመልሰው ግን የራሱን እውነተኛ ገንዘብ ነው።

ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። በሌላ ሰው ስልክ ላይ የታየ ነገርም ክፍያ አይደለም። ከባንክ የመጣ የሚመስል የጽሑፍ መልእክት እንኳ የላኪው ስም ሊመሳሰል ይችላል። የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ሒሳባችሁ ላይ ቁጥሩን ማየት ነው። ከዚያ በፊት ዕቃው ከእጅ አይወጣም። ይህን ማድረግ ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው፤ አጭበርባሪውም የሚተማመነው በዚህችው ይሉኝታ ነው። ሐቀኛ ገዢ «ቆይ ይግባ» ስትሉት አይቆጣም።

መገናኛው ቦታ ሰው የሚበዛበት፣ ቀን ላይ፣ ካሜራ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። በአንዳንድ አገሮች ፖሊስ ጣቢያዎች ለዚሁ ብለው ምልክት ያደረጉበት የመገበያያ ቦታ በግቢያቸው አላቸው። ትልልቅ ዕቃ ግን ቤት ካልተሄደ አይታይም። እንግዲህ ብቻ አለመሆን፣ ለአንድ ሰው አድራሻውን ነግሮ መሄድ፣ ሻጭም ከሆናችሁ ዕቃውን በር አካባቢ አውጥቶ ማሳየት ነው።

ስልክ ስትገዙ

ከዩዝድ ዕቃ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ስልክ ይመስለኛል። ውድ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በቀላሉ ይሰረቃል፤ ችግሩም ከውጭ አይታይም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ተቀመጡ። ቆማችሁ አትዩ፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ይቸኩላል። መጀመሪያ *#06# ላይ ደውሉ። 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር ይመጣል። ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ካልተመሳሰለ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው። በቁጥሩ ስልኩ የተሰረቀ ተብሎ መዘጋት አለመዘጋቱን ማየት የሚቻልበት አገር ከሆነ እዚያው አረጋግጡ። የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፤ ድምፃችሁ እንዴት እንደሚሰማ ጠይቁ። ካሜራውን ከፊትም ከኋላም ሞክሩ። ቻርጀር ሰክታችሁ ሞልቶ ሳይሆን መሙላት መጀመሩን እዩ፤ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉት። የአንድ መተግበሪያ ምልክት ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎትቱት። ምልክቱ መንገድ ላይ ካመለጣችሁ እዚያ ቦታ ላይ ስክሪኑ አይሠራም።

ከሁሉ በላይ ግን አካውንቱ ነው። አፕል በ2013፣ አንድሮይድ ደግሞ በ2015 አንድ መቆለፊያ አመጡ። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ በግድ ተሰርዞ እንደ አዲስ ቢነሳ እንኳ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል። ለሌባ መጥፎ ዜና ነው። ለማያውቅ ገዢም እንደዚያው፤ የገዛው ስልክ የወረቀት መጫኛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሻጩ እፊታችሁ ከአካውንቱ ይውጣ፤ ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይሰርዝና (ሪሴት ያድርገውና) እንደ አዲስ ይነሳ። ሲነሳ የማንንም አካውንት ካልጠየቀ ያኔ ገንዘቡ ይከፈል። «የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ፣ ቤት ሄደህ ታስከፍተዋለህ» ያለ ሰው ባለቤቱ አይደለም። ባለቤቱ ቢሆንም አትግዙት።

ሌላውን ዕቃ በአጭሩ ልለፈው። ፍሪጅ ልታዩ ከሆነ «ከመምጣቴ በፊት ሰክተው ያቆዩልኝ» በሉ፤ አሁን የተሰካ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ አለማቀዝቀዙን አይነግራችሁም። ወረቀት በሩ ላይ ዘግታችሁ ሳቡ፤ ያለ ምንም መያዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ የበሩ ጎማ ደክሟል። ፍራሽና ሶፋ ስፌቱ ላይ በባትሪ ብርሃን ይታይ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ የትኋን ምልክት ነው። የሞተር ብስክሌት ሄልሜትና የሕፃን የመኪና ወንበር ከማያውቁት ሰው ባይገዛ ይሻላል። አደጋ ላይ የነበረ ሄልሜት ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፤ የመምታቱን ኃይል የሚውጠው ውስጠኛው ሽፋን ግን አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም።

ከዕቃው ጋር የሚሄደው ነገር

ሻጭም የሚከስርበት ነገር አለ፤ ገንዘብ ሳይሆን ሚስጥሩን። ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሼላት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ 158 ሃርድ ዲስክ ገዝተው መርምረዋል። ከሚሠሩት 129 ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በተቀሩት ላይ ሺህዎች የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃና የግል ደብዳቤ ጭምር ተገኝቷል። ባለቤቶቹ ብዙዎቹ አጥፍተናል ብለው ያመኑ ይመስላል። ፋይል «ማጥፋት» ስሙን ከማውጫው ላይ ማንሳት ብቻ ነው፤ ፋይሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው። ላፕቶፕ ከመሸጥ በፊት ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የሚያጸዳ ፕሮግራም ማስኬድ፣ ካልተቻለ ደግሞ ዲስኩን አውጥቶ ያለሱ መሸጥ ነው። ስማርት ቴሌቪዥን፣ ፕሪንተርና ዋይፋይ ራውተርም የሚያስታውሱት ነገር አላቸው።

ማስታወቂያው ራሱም ብዙ ያወራል። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቤት የለንም፤ ቶሎ ይውሰዱ» የሚለው ለገዢ የተጻፈ ነው፤ የሚያነበው ግን ገዢው ብቻ አይደለም።

አስተዳዳሪው አዲሱ ደላላ ነው

ጥሩ የሚሠሩ የሰፈርና የማኅበረሰብ መሸጫ ቡድኖችን ስታዩ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። የተተወውን ሥራ የያዘው ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ ያልተከፈለው የቡድኑ አስተዳዳሪ ነው። ዋጋ ያልተጻፈበትን ያነሳል። የተሸጠውን «ተሽጧል» አስብሎ ያስወግዳል። መጀመሪያ የጠየቀው ተራውን እንዲያገኝ ሕግ ያወጣል። ሁለቴ «መጣሁ» ብሎ የቀረውን ያስወጣል። ሰዎች ግን ጥብቅ ነው ብለው ያሙታል። ሕግ የሌለበት ቡድን ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ የነጋዴ ማስታወቂያ መለጠፊያ ይሆንና ሰው ይሸሸዋል።

በነጻ የሚሰጥ ዕቃ ላይ የሚታየው ነገር ደግሞ ያስገርማል። በ2003 ከአሪዞና ቱሳን የተነሳው ፍሪሳይክል ሰዎች የማይፈልጉትን ዕቃ በነጻ እንዲሰጣጡ የሚያገናኝ መረብ ነው፤ ግሩም ሐሳብ ነው። ሆኖም ዕቃ በነጻ የሰጠ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ የሚጠይቀው ብዙ፣ የሚመጣው ትንሽ። ምንም ያልከፈለበት ሰው ቢቀርም የሚያጣው ነገር የለም። ስለዚህ አንዳንዶች ለመስጠት ፈልገውም ትንሽ ዋጋ ይጽፋሉ። ሰውየው ሲመጣ «ገንዘቡን ተወው» ይሉታል። ይህ ብልሃት ነው እንጂ ውሸት አይመስለኝም።

ድርጅቶቹም ባዶው ቦታ ታይቷቸዋል። ብዙ መገበያያዎች አሁን «የገዢ ጥበቃ» እያሉ ትንሽ መቶኛ ያስከፍላሉ። ገንዘቡን ይዘው ይቆያሉ፤ ገዢው ዕቃው እንደተባለው ነው ሲል ለሻጩ ይለቃሉ። ማለትም ደላላው ተመልሷል፤ ኮሚሽኑን ይዞ። በሩቅ ለሚላክ ልብስና መጽሐፍ ክፍያው ተገቢ ነው እላለሁ። በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ላለ ወንበር ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ ለምታዩት ነገር መክፈል ነው።

መንግሥታትም ቀርበዋል። ከ2023 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ የሚሠሩ መገበያያዎች በዓመት 30 እና ከዚያ በላይ ሽያጭ ያደረገን፣ ወይም ከ2,000 ዩሮ በላይ ያገኘን ሻጭ ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃሉ። ይህ ማለት አሮጌ ጃኬቱን የሸጠ ሰው ግብር ይከፍላል ማለት አይደለም። ከገዛበት በታች የሸጠ ሰው ምን ትርፍ አለው? የተፈለገው የግለሰብ ካባ ለብሶ የሚነግደውን ለመለየት ነው። ለገዢም ልዩነቱ ትልቅ ነው። በብዙ አገር ሸማቹን የሚጠብቀው ሕግ፣ መመለስና ዋስትናን ጨምሮ፣ ነጋዴን እንጂ የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ግለሰብን አያስገድድም። ስለዚህ ነጋዴ «የእህቴ ነው፤ ልሽጥላት ብዬ ነው» ሲል በከንቱ አይደለም። መለየት ከባድ አይደለም፤ ፕሮፋይሉን ከፍቶ ማየት ነው። በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ፍሪጅ የሸጠች እህት ካለች ነገሩ ግልጽ ነው።

ሻጩ በእውነትም ግለሰብ ከሆነ ደግሞ፣ ከተለያያችሁ በኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ የተጻጻፋችሁትና ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። «እንከን የለውም» ተብሎ ተጽፎ እንከን ከተገኘ የምትናገሩት ነገር አላችሁ። «ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ» ከተባለ ግን ብዙም የላችሁም። ዕቃው ሲሸጥ ማስታወቂያው ይነሳል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ማስታወቂያውን ከነዋጋው፣ ከነፎቶውና ከነሻጩ ስም ስክሪንሾት አድርጉት።